ሁለት ሴቶችን አንድ ያደረገ ሒሳብ

በሐረር ጀጎል ውስጥ «መኪና ግርግር» የሚባል መንገድ መኖሩን ከተማዋን ያየ ሁሉ ያውቃል። ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ተቀምጠው ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ባለፈው ዓመት ከዚያ መንገድ ብዙ በማይርቅ አንድ የጨርቅ ሱቅ ለዱቤ መዝገብ የሚያገለግል የስልክ ፕሮግራም ጽፎ ነበር። ፕሮግራሙ ሁለት ሰዎችን እንደ አንድ ሰው በመቍጠሩ አንዲት ምንም ያልተበደረች ሴት የሌላ ሰው ዕዳ ተጠየቀች። ስሕተቱ የእኔ ስለ ሆነ፣ እንዴት እንደ ተሠራና እንዴት እንደ ታረመ ለጓደኞቼ ለተማሮች ማስረዳት የሚገባኝ መስሎ ታየኝ። ከኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ውጭ ያላችሁም ልትከተሉት ትችላላችሁ፤ ፊደል መቍጠርና ማካፈል የሚያውቅ ሰው ይበቃዋል።

ሱቁ የአንድ አዛውንት ሐጂ ነው፤ ከልጃቸው ጋር ይሠራሉ። ጨርቅ በሜትር ይሸጣሉ፤ ሠርግና ዒድ ሲቃረብ ደግሞ አብዛኛው ሽያጭ በዱቤ ይሆናል። ገዢው ዕዳውን የሚከፍለው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት ጥቂት እያደረገ ስለ ሆነ፣ መዝገቡ ከተሳሳተ ወይ ነጋዴው ይከስራል፣ ወይ ደንበኛው ይበደላል። ለዚህ ሥራ ሐጂ አንድ ወፍራም ደብተር አላቸው። በያንዳንዱ ገጽ ራስጌ የሚጻፈው ስምና የአባት ስም ብቻ አይደለም፤ «የልብስ ሰፊው እኅት»፣ «የኤረር በሯ»፣ «የነርሷ እናት» የመሰለ ነገር ይጨመርበታል። ጀጎል በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ባሠሩት ግንብ የተከበበ፣ ስፋቱም 48 ሄክታር ያህል ብቻ የሆነ ከተማ ነው። በዚህ ጠባብ ስፍራ ተያይዞ የሚኖር ሕዝብ፣ ስሙም ከጥቂት የታወቁ ስሞች የሚመረጥ ሲሆን፣ ሰውን በበሩና በዘመዱ መለየቱ የሚያስደንቅ አይደለም። እኔ ግን ፕሮግራሙን ስነድፍ ይህን ማስታወሻ እንደ ትርፍ ነገር ቈጥሬ ተውሁት። ስም፣ የአባት ስም፣ ስልክ ቍጥር፤ ይበቃል አልሁ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ፕሮግራሙ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት የመጣው አቤቱታ «ያስገባነው ሰው አይገኝም» የሚል ነበር። ሐጂ «ሙሐመድ» ብለው ያስገቡትን ልጃቸው «ሙሀመድ» ብሎ ሲፈልግ ስልኩ «የለም» ይላል። ልጁም የለም ስለ ተባለ ያንኑ ሰው እንደ ዐዲስ ደንበኛ ይመዘግበዋል። እንዲህ እየሆነ አንድ ሰው ሦስት ቦታ ተመዘገበ፤ ዕዳውም በሦስት ተከፈለ። ለጆሮ አንድ የሆነው ለመኪናው ሦስት መሆኑ ነው።

ምክንያቱን ለማየት ፊደል በስልክ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ስልክ ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቍጥር ነው። ለያንዳንዱ ፊደል አንድ ቍጥር ይሰጠዋል፣ በስክሪኑም ላይ በዚያ ቍጥር ትይዩ ያለው ሥዕል ይሳላል። በመጀመሪያው ዘመን የኢትዮጵያ ፊደል ለኮምፒዩተር ሲዘጋጅ እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም ዐቀፍ ሠንጠረዥ ሦስተኛ እትም ገባና ለሁሉም አንድ ቍጥር ተወሰነለት። ከዚያ ወዲህ «ሀ» ማለት 4608 ነው፤ በሐረርም ቢሆን በቶኪዮ።

ሠንጠረዡን ያዘጋጁት ሰዎች አንድ መልካም ነገር አድርገዋል፤ ለያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ሰጥተዋል። ስለዚህ «ሀ» 4608 ሲሆን «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624፣ «መ» 4632 እያለ ይሄዳል። የግዕዙ ቍጥር ሁልጊዜ ለስምንት ያለ ቀሪ ይካፈላል። ማንኛውንም ፊደል ወስዳችሁ ቍጥሩን ለስምንት ብታካፍሉት ቀሪው ስንተኛ ፊደል እንደ ሆነ ይነግራችኋል፦ ዜሮ ከቀረ ግዕዝ፣ 1 ካዕብ፣ 2 ሣልስ፣ 3 ራብዕ፣ 4 ኃምስ፣ 5 ሳድስ፣ 6 ሳብዕ ነው። ለምሳሌ ያህል «ማ» 4635 ነው፤ ለስምንት ሲካፈል 579 ደርሶ 3 ይቀራል፤ ስለዚህ ራብዕ ነው። በልጅነታችን በዜማ የቈጠርነው ፊደል በስልክ ሆድ ውስጥ የማካፈል ሒሳብ ሆኖ መገኘቱ፣ እኔን ለመጀመሪያ ጊዜ ባየሁት ቀን እንቅልፍ ነሥቶኛል። (ሁሉም እንዲህ የተስተካከለ እንዳይመስላችሁ፤ «ቋ»፣ «ኳ»፣ «ጓ»ና የመሳሰሉት ለብቻቸው የተሰጣቸው ረድፍ አለ።)

ከዚህ በኋላ ድምፃቸው በአማርኛ አንድ የሆኑትን ፊደላት ማስማማት ቀላል ነው። «ሐ» ከ«ሀ» በ16 ይበልጣል፤ «ኀ» በ128፤ «ሠ» ከ«ሰ» በ16 ያንሳል፤ «ዐ» ከ«አ» በ48፣ «ፀ» ከ«ጸ» በ8 ይበልጣሉ። እነዚህን ቍጥሮች በመቀነስና በመደመር «ሙሐመድ»ንና «ሙሀመድ»ን ወደ አንድ መልክ ማምጣት ይቻላል። እንዲህ አደረግሁ፤ ፍለጋው ተሻሻለ፤ ሐጂም መረቁኝ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ነገር ግን «ፋጡማ»ና «ፋጢማ»፣ «ሙሐመድ»ና «መሐመድ» አሁንም አልተገናኙም፤ በነዚህ ልዩነቱ ያለው በቤቱ ሳይሆን በአናባቢው ነው። ስለዚህ አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ በጣም የተራቀቅሁ የመሰለኝን ነገር ሠራሁ። ከያንዳንዱ ፊደል ቍጥር ላይ ለስምንት ሲካፈል የሚቀረውን ቀነስሁ። ያን ጊዜ ሁሉም ፊደል ወደ ግዕዙ ይመለሳል፤ «ፋጡማ»ም «ፋጢማ»ም «ፈጠመ» ይሆናሉ። ይህን ቅሪት የስሙ አጽም ብዬ ጠራሁት። ሰዋስው የተማራችሁ እንደምታስታውሱት በአማርኛም በግዕዝም በዐረብኛም የቃል ሥር የሚባለው ተነባቢው ነው፤ እኔም የሴም ቋንቋዎችን ጠባይ በአንድ መስመር ኮድ የያዝሁት መስሎኝ ነበር። በዚህም ሳልወሰን ፕሮግራሙ አጽማቸው አንድ የሆኑትን ደንበኞች እየፈለገ በራሱ እንዲያዋህዳቸው አደረግሁ፤ ሦስት ቦታ የተመዘገበው ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል ብዬ ነው።

አሁን አንባቢ እርሳስ ይያዝና ሁለት ስሞች ያስላ። የሰዎቹን ትክክለኛ ስም ለመጻፍ ስለማልችል ቀይሬዋለሁ፤ ግጭቱ ግን ያው ነው። አንደኛዋ አሚና ሙሐመድ፣ ሁለተኛዋ ኢማን ማሕሙድ ይባላሉ እንበል። «አሚና» አናባቢው ሲነሣለት «አመነ» ይሆናል። «ኢማን»ም «አመነ» ይሆናል። «ሙሐመድ» «መሀመደ» ነው፤ «ማሕሙድ»ም «መሀመደ» ነው። በስምም በአባትም የማይገናኙ ሁለት ሴቶች በእኔ ሒሳብ አንዲት «አመነ መሀመደ» ሆነው ቁጭ አሉ። ፕሮግራሙ ቀድሞ የተመዘገበውን ስልክ፣ ማለትም የአሚናን፣ ያዘና የኢማንን ቀሪ ዕዳ 2,400 ብር ወደ እርሷ አዛወረው። በዐረብኛ «አሚን»ም «ኢማን»ም ከአንድ ሥር መውጣታቸው እውነት ነው፤ የቃል ሥር አንድ ቢሆን ግን የተበዳሪ እጅ አንድ አይሆንም።

ቢሆንም ነገሩ በመልእክቱ ሊታወቅ ይችል ነበር። በመዝገቡ ውስጥ እያንዳንዱ ዱቤ ሲገባ የተጻፈው ስም እንዳለ ስለሚቀመጥ፣ ለአሚና ስልክ የሚሄደው ማስታወሻ «ኢማን ማሕሙድ» የሚል ቢሆን ኖሮ ተቀባይዋ «ይህ የእኔ አይደለም» ብላ ትስቅ ነበር። ስሙን ከመልእክቱ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለምን እንደ ሆነ ላስረዳ። አጭር መልእክት የሚባለው 140 ባይት ብቻ የሚይዝ ዕቃ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ለአንድ ፊደል 7 ቢት ስለሚበቃ 160 ፊደል ይገባበታል። ባለ 7 ቢት ሠንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ ሲኖረው፣ የእኛ 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ስለሚሆን አይበቃንም፤ ለያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ይወሰድና መልእክቱ በ70 ፊደል ያልቃል። ከ70 ያለፈ እንደ ሆነ ለሁለት ይከፈላል፣ በያንዳንዱም 67 ብቻ ይገባል፣ ሒሳቡም የሁለት መልእክት ይሆናል። ብዙ ወጣት አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ የለመደበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ጉዳቱ ግን እንደሚወራው አይከፋም። «ጤና ይስጥልኝ» በእኛ ፊደል ከክፍተቱ ጋር 8 ቦታ ይወስዳል፤ በላቲን 14 ይፈጃል። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ ካጣነው ቦታ ብዙውን እናስመልሳለን።

እንግዲህ እኔ ያዘጋጀሁት መልእክት ይህ ነበር፦ «ጤና ይስጥልኝ። ከጨርቅ ሱቁ ያለብዎት ቀሪ ሒሳብ 2,400 ብር ነው። እባክዎ በዚህ ሳምንት ይክፈሉ።» ብትቈጥሩት 63 ቦታ ነው። «ኢማን ማሕሙድ» ከነክፍተቱ 9 ቢጨመርበት 72 ይሆናል፤ በሁለት ያልፋል። ለሁለት ፊደል ብዬ የሰውን ስም አወጣሁ። «እባክዎ» የሚለውን ባወጣ ኖሮ ስሙ ይገባ ነበር፤ በስም ፋንታ ትሕትናን መረጥሁ።

ቅዳሜ ከቀትር በፊት ሴትዮዋ ስልኳን ይዛ ሱቁ መጣች። ሦስት አራት ገዢዎች ቆመው ነበር።

«ሐጂ፣ እኔ የእርስዎን ገንዘብ በልቼ ዐውቃለሁ?» አለች።

ልጃቸው ስልኩን ከፍቶ አየና «ስልኩ አለባት ይላል» አለ። ይህን ያለው ጮኾ ስለ ነበር የቆሙት ሁሉ ሰሙ። ሐጂ መልስ ሳይሰጡ ከመደርደሪያው ሥር ደብተሩን አወጡ። በአንድ ገጽ «አሚና ሙሐመድ፣ የሸዋ በሯ፣ ተከፍሏል» ይላል። በሌላው «ኢማን ማሕሙድ፣ የልብስ ሰፊው እኅት፣ 2,400» ይላል። «እኅቴ፣ ይቅር በይን፤ ስሕተቱ የእኛ ነው» አሏት። እርሷም ይቅር ብላ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሁለት ወር ያህል ወደ ሱቁ አልመጣችም። በማግሥቱ ስጠራ ሐጂ የተናገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ ይህ ደብተር አሚናንና ኢማንን አምታቶ አያውቅም።»

የጥገናው ሥራ ሦስት ቀን ወሰደ። ዱቤው ሲገባ የተጻፈው ስም ስላልጠፋ የተዋሐዱትን መለየት ተቻለ። ይህ ዕድል እንጂ ጥበብ አልነበረም፤ ስሙን ራሱን ወደ አጽሙ ለውጬ አስቀምጬ ቢሆን ኖሮ «አመነ» ማን እንደ ሆነች ማንም አያውቅም ነበር። ስፈትሽ ሌሎች ሁለት ጥንዶች ተዋሕደው አገኘሁ። አንዱ ጥንድ «ጀማል»ና «ጀሚላ» የሚባሉ ወንድምና እኅት ናቸው፤ አባታቸውም አንድ ስለ ሆነ ከራስ እስከ እግር አንድ አጽም ሆነው ነበር። የሚገርመው ግን አባታቸው የሁለቱንም ዕዳ አንድ ላይ ስለሚከፍሉ ማንም አላስተዋለም።

አሁን ፕሮግራሙ የሚሠራው እንዲህ ነው። ስሙ ባለቤቱ ወይም ነጋዴው እንደ ጻፈው ይቀመጣል፤ አይነካም። «ሐ» የጻፈውን ወደ «ሀ» መለወጥ ለአማርኛ ጆሮ ምንም ላይሆን ይችላል፤ በትግርኛ ግን ሁለቱ የተለያዩ ድምፆች ናቸው፣ በዐረብኛም እንዲሁ፤ የጀጎል ስም ደግሞ አብዛኛው ከዐረብኛ የመጣ ነው። የተስማማው መልክ ለፍለጋ ብቻ በስሙ ጎን በስውር ይቀመጣል። አንድ ሰው «ሙሀመድ» ብሎ ሲፈልግ በመጀመሪያ በድምፅ የሚገጥሙት፣ ከነርሱ በታች በአጽም የሚገጥሙት ይዘረዘሩለታል፤ ማን እንደ ሆነ የሚመርጠው ግን ሰው ነው። ማዋሐድም በነጋዴው ትእዛዝ ካልሆነ አይደረግም፤ ከተደረገም ሊፈታ ይችላል። ከዚህም ጋር ያን እንደ ትርፍ የቈጠርሁትን ማስታወሻ መለስሁት። በስሙ ሥር «ምልክት» የሚል አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ በሩ፣ ዘመዱ፣ ሥራው፣ የፈለጉት ይጻፍበታል። ይህን ቦታ ከሌላው ሁሉ አብልጠው የሚጠቀሙበት ሐጂ ናቸው። አንድ ቀን ሳይ «ቀይ ጃንጥላ» ብለው ጽፈዋል፤ ማን እንደ ሆነች ጠይቄ አላወቅሁም፣ እርሳቸው ግን ያውቃሉ።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላ ጣጣ ነበረ፤ ባጭሩ ላንሣው። በሱቁ ሁለት ስልኮች አሉ፤ የሐጂና የልጃቸው። ሁለቱ የሚነጋገሩት በኢንተርኔት ነው። የጀጎል ቤት በወፍራም ድንጋይ የተሠራ ስለ ሆነ ከሱቁ ጓዳ ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል። ልጁ «500 ብር ተከፈለ» ብሎ ይልካል፤ መልስ አይመጣም። ያልደረሰው መልእክቱ ነው ወይስ የመልሱ መልስ? ከዚህ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ደግሞ ይጫናል፤ ክፍያው ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ ሱቁ 500 ብር ይከስራል። የመጀመሪያው መድኃኒቴ፣ በአንድ ቀን በአንድ ስም ተመሳሳይ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ከገባ አንዱ ይሰረዝ የሚል ነበር። አንዲት ደንበኛ ጧት 300 ብር ከፍላ ከሰዓት በኋላ በእኅቷ እጅ ሌላ 300 ላከች፤ ፕሮግራሙ ሁለተኛውን ሰረዘባት። መድኃኒቱ ካርኒ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ እያንዳንዱ ክፍያ ገና በስልኩ ላይ ሲጻፍ የራሱን ተራ ቍጥር ይያዝ። ከዚያ በኋላ መቶ ጊዜ ቢላክ ያው ቍጥር ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘገባል፤ ሁለት እውነተኛ 300ዎች ግን ሁለት ቍጥር ስላላቸው ሁለት ሆነው ይኖራሉ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው በቴሌብር የሚከፍሉት ደግሞ ግብይቱ የራሱ ቍጥር ስላለው፣ ያንኑ እንጽፋለን።

ስለ መሣሪያዎቹ ብዙ የምለው የለኝም። አንድሮይድ ስልክ ሁሉ በሆዱ ኤስ.ኪው.ላይት የሚባል የመዝገብ ሣጥን ይዞ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ፣ ነጻ፣ እጅግ የታመነ ነው። እንደ ተሠራ ስትወስዱት ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አንድ አድርጎ ይፈልግላችኋል፤ ስለ «ሀ»ና «ሐ» ግን የሚያውቀው ነገር የለም፣ ያን የምንጨምረው እኛ ነን። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንጠቀምባቸውን ኮድ የሚጽፉ ሰው ሠራሽ ረዳቶችም ሞክሬአለሁ። የፊደላቱን ሠንጠረዥ በደቂቃ ውስጥ በትክክል ጻፈልኝ። አጽማቸው አንድ የሆኑትን አዋሕድልኝ ስለውም ያለ አንዳች ጥያቄ ጻፈልኝ፤ «እነዚህ ሰዎች ይተዋወቃሉ?» ብሎ አልጠየቀኝም። ለነገሩ እኔም አልጠየቅሁም። ሙከራዬን ሁሉ በላፕቶፕ ላይ፣ እኔ በፈጠርኋቸው አሥር ስሞች አድርጌ ነበር፤ አሥሩም ስሞች የማይጋጩ ሆነው የተገኙት ስለ ፈጠርኋቸው ነው።

አንድ ያልፈታሁት ጥያቄ ቀርቷል። «ፋጡማ»ን «ፋቱማ» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ሰው አለ። «ጠ» 4896፣ «ተ» 4720 ነው፤ 176 በመቀነስ ማገናኘቱ ቀላል ነው። ነገር ግን በአማርኛ «ጠ»ና «ተ» በድምፅም በትርጕምም ስለሚለያዩ፣ ለአንድ ስም ብዬ ሁሉንም ላደባልቅ አልደፈርሁም። የክፍላችሁን የስም ዝርዝር ወስዳችሁ ሁለቱንም መንገድ አስሉትና፣ ስንት ሰው በትክክል እንደሚገናኝና ስንት ሰው በስሕተት እንደሚደባለቅ ቈጥራችሁ ውጤቱን ለመጽሔቱ አዘጋጅ ላኩልኝ። ስሙን ሳይሆን ቍጥሩን ብቻ ላኩ።